ስጦታው ተከፈተ፣ የማን እንደሆነ ጠፋ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ ከሦስት ሳምንት በፊት 7 ዓመት ሞላት። አዳራሽ ተከራይተን ደገስን። የክፍል ጓደኞቿ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የእኔና የባለቤቴ ወዳጆች መጡ። ማታ ቤት ገብተን እኔ ዕቃ ከመኪና ሳወርድ፣ ሚጡና የአጎቷ ልጆች ስጦታውን ተረባርበው ቀደው ጨረሱት። ካርዱ ወዲያ፣ አሻንጉሊቱ ወዲህ። ከ20 በላይ ስጦታ ነው፤ የማን የቱ እንደሆነ የማውቀው ግማሹን እንኳ አይሆንም። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት በር ላይ የአንዷ ጓደኛዋ እናት «ስጦታውን ወደደችው?» ስትለኝ «በጣም!» አልኳት። ምን እንደነበር ግን አላውቅም። የክፍሏ ልጆች ልደታቸው ካለፈ በኋላ ለእኛ የምስጋና ካርድ ይልካሉ፤ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፎ አለ። ባለቤቴ «ተይ ባክሽ፣ ፈረንጅ ሆንሽ እንዴ? በሉ፣ ጠጡ፣ አመስግነን ሸኘናቸው፣ አለቀ» ይላል። እህቴ ደግሞ «ለሀበሻ ካርድ ብትልኪ ይስቁብሻል» ትላለች። አያቷ ከአዲስ አበባ በሰው የላኩላት ቀሚስም አለ። ሚጡን ካርድ እንድትጽፍ ባስቀምጣት ሁለት ጽፋ አለቀሰች። እኔ ልጻፍላት? በቴክስት ልገላገለው? ወይስ ጊዜው አልፏል ብዬ ልተወው?

ግራ የገባት እናት

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለሚጡ ልደት አደረሳችሁ። ትደግልሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። ጊዜው አላለፈም። እዚህ አገር ብዙ ሰው «በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢላክ ጥሩ ነው» ይላል እንጂ፣ ዘግይቶ የደረሰ የሰባት ዓመት ልጅ ካርድ ሲያነብ የሚቆጣ ወላጅ የለም። ይልቅ የሚሰለቸው ይቅርታው ነው። «ሥራ በዝቶብን፣ ትንሹ አሞብን፣ በጣም አፍረናል» እየተባለ ምስጋናው ከሥር ይቀበራል። ስለ መዘግየቱ አንድም ቃል ባትጽፉ ደስ ይለኛል። ካርዱ ሲደርስ እንደደረሰ ይቆጠራል።

ባለቤትሽ ያለውም ከንቱ አይደለም። አሜሪካኖቹም ጋ ቢሆን የቆየው ወግ ስጦታውን በሰጪው ፊት ከፍተሽ እዚያው ካመሰገንሽ ካርዱን የግድ አይልም። ነገር ግን አሁን በልጆች ልደት ላይ ስጦታ የሚከፍት ቤተሰብ ብዙም የለም። አዳራሹ የተከራየው ለሁለት ሰዓት ነው፤ ሃያ ልጅ ክብ ሠርቶ ሃያ ጥቅል ሲቀደድ አይቀመጥም፤ የአንዱ ትልቅ የሌላው ትንሽ ሆኖ ልጆች እንዳይሳቀቁም ይፈራል። ስለዚህ ስጦታው ጠረጴዛ ላይ ይከመርና እንደታሰረ ቤት ይገባል። ያ ልጅ ከእናቱ ጋር ሱቅ ገብቶ፣ መርጦ፣ ምናልባት ለራሱ ተመኝቶ የገዛው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። ካርዱ ያንን ወሬ ነው የሚያደርስለት። ትምህርት ቤት በር ላይ ያቺ እናት የጠየቀችሽም ለነገር አይመስለኝም። ልጇ መኪና ውስጥ «ከፈተችው ይሆን?» እያለ ሲጠይቃት ከርሞ ሊሆን ይችላል።

በእኛ በኩል ነገሩ ሌላ ነው። ሀበሻም ስጦታ በሰጪው ፊት አይከፍትም፤ የኛ ግን ከይሉኝታ ነው። በሁለት እጅ ተቀብለሽ፣ «ለምን ተቸገራችሁ!» ብለሽ፣ ወደ ጓዳ ታስገቢዋለሽ። ማታ እንግዳው ሲሄድ ይከፈታል፤ በማግስቱ ስልክ ይደወላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብድሩ በዓመታት ይመለሳል። በልጇ ክርስትና ትገኚያለሽ፣ በምርቃቱ ትገኚያለሽ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም ለቅሶ ትደርሻለሽ። «ብድር መላሽ ያድርገን» የምንለው ለዚህ ነው። ለአንዳንድ የኛ ሰው የታተመ ካርድ በፖስታ ሲደርሰው ደረሰኝ የተቆረጠለት የሚመስለው፣ «ሒሳባችን ተዘጋ» የተባለ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው። እህትሽ «ይስቁብሻል» ያለችው ይሄ ገብቷት ይሆናል። ግን ነገሩን ከመጠን በላይ ወስዳዋለች፤ ለምን እንደምል ወደ አያቷ ቀሚስ ስንደርስ ታይዋለሽ።

ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አትላኪ። እያንዳንዱ ሰው ተመሰገንኩ ብሎ በሚያውቀው መንገድ ይመስገን። ለክፍል ጓደኞቿ ካርድ። ለሀበሾቹ የሚጡ ድምፅ። ለአያቷ ደግሞ ሁለቱም።

መጀመሪያ ግን የማን የቱ እንደሆነ ይለይ። ካርድ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማታ ለዚህ ብቻ ስጪው። አሻንጉሊቱን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ዘርግቺው። የተረፉትን ካርዶች ከጎን አስቀምጪ። የጥሪ ዝርዝሩን ክፈቺ፤ በኢቫይት (በኢንተርኔቱ የጥሪ መላኪያ) ወይም በቴክስት ጠርተሽ ከሆነ የመጣው ሰው ስም እዚያው አለ። ከዚያ ስልክሽ ላይ ያለውን የልደቱን ፎቶ አንድ በአንድ እያሰፋሽ እዪ። ሰው ኬኩንና ልጁን ነው የሚያየው፤ አንቺ ከኋላ ያለውን እዪ። በር ላይ የቆመችው እናት እጅ ላይ ቢጫ ከረጢት አለ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ባለ ነጠብጣብ መጠቅለያ ወረቀት ይታያል። የዚያ ወረቀት ቁራጭ ምናልባት እስካሁን ሶፋ ሥር አለ። የስጦታ ከረጢቶቹን ካልጣልሻቸው እጀታቸው ላይ የታሰረውን ትንሽ ወረቀት ፈልጊ። በፖስታ የመጣ ሳጥን ካለ ውስጡ የላኪው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይኖር ይሆናል።

ከፎቶው የሚበልጥ ምስክር ግን ልጆቹ ናቸው። ያን ቀን የቀደዱት የአጎቷ ልጆች ተሰብስበው ይምጡ። ትልቅ ሰው «የማን ይሆን?» ብሎ ሲጨነቅ፣ የስምንት ዓመቱ ልጅ «ይሄንንማ ያ የፊት ጥርሱ የወለቀው ልጅ ነው ያመጣው፣ ከመኪና ሲወርድ አይቼዋለሁ» ይልሻል። ልጅ ስጦታ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ዓይኑን አይነቅልም። ሚጡም ብትሆን ስትጠየቅ የምታስታውሰው አንቺ ከምትገምቺው በላይ ነው። ያወቃችሁትን ወዲያው በእርሳስ ዝርዝሩ ላይ ጻፉት፤ ነገ ይረሳል።

የቀረውን ጠይቂ። አትገምቺ። ፐዝል ላመጣ ልጅ «ስለ ውሃ ቀለሙ አመሰግናለሁ» የሚል ካርድ ቢደርሰው ከዝምታው ይብሳል፤ ልጁ ያነበዋልና። ቴክስቱም ረጅም አይሁን። «ልጆቹ ስጦታውን ተረባርበው ሲከፍቱት ካርዶቹ ተደበላለቁብን። ልጄ በትክክል እንድታመሰግን የእናንተ የትኛው እንደነበር ብትነግሪኝ? አድራሻችሁንም ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል» የሚል ይበቃል። በእንግሊዝኛ ስትጽፊውም ከዚህ አይብዛ። ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይሄ ቤቱ ደርሷል፤ ስቆ ይመልስልሻል። «በጣም» ላልሻትም እናት ይሄንኑ ላኪላት። ውሸትሽን መናዘዝ አያስፈልግም፤ «እንደዚያ ስልሽ እኮ የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም ነበር» ብለሽ ብትስቂ ግን ጓደኛ ታፈሪያለሽ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልታወቀ አንድ ሁለት ከቀረ፣ ካርዱ ስለ መምጣታቸውና አብረው ስለተጫወቱት ያውራ። «ልደቴ ላይ ስለመጣህ ደስ አለኝ። ፊኛ ስናፈነዳ በጣም ሳቅኩ።» ይሄ ከብዙ ካርድ ይሻላል።

አሁን ወደ ለቅሶው። ሚጡ ያለቀሰችው ምስጋና ጠልታ አይመስለኝም። ሃያ ካርድ ፊቷ ተደርድሮ አይታ ነው። አንቺም ብትሆኚ ታለቅሻለሽ። በቀን ሦስት ይበቃታል። ከትምህርት ቤት መጥታ፣ መክሰሷን በልታ፣ ቲቪው ሳይከፈት። ሦስት ካርድ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ትነሳ። የጻፈችበትን ልጅ ስም ከዝርዝሩ ላይ ራሷ ትሰርዝ፤ ለልጅ መሰረዝ ራሱ ደስታ ነው። በአንድ ሳምንት ገደማ ያልቃል።

ሦስቱ ዓረፍተ ነገር ምን ይላሉ? ስጦታው ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገችበት፣ እና አመሰግናለሁ። መካከለኛው ነው ካርዱን ካርድ የሚያደርገው። «የውሃ ቀለሙን ስላመጣሽልኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ያቆመ ካርድ ማንም ሊጽፈው ይችላል። «ሐምራዊውን ጨርሼዋለሁ» የሚለውን ግን ሚጡ ብቻ ናት የምትጽፈው። እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፦ በዚህ ምን ሠራሽበት? የቱን ክፍሉን ወደድሽው? የት አስቀመጥሽው? የመለሰችልሽን እንዳለ ትጻፈው። «አልጋዬ ሥር ነው ያለው፣ ወንድሜ እንዳያገኘው» ካለችም እንዲሁ። ፊደል ስትገድፍ አታርሚ። የተገለበጠ ኤስ የወላጅ ልብ ያሞቃል፤ ላጲስ አታንሺ።

አንቺ ልጻፍላት ወይ ላልሽው፣ አይሆንም። ፖስታው ላይ አድራሻውን አንቺ ጻፊ፣ ቴምብሩን ለጥፊ፣ ዝርዝሩን ያዢ። ውስጡ የእሷ ነው። እጇ ከደከመ እሷ ትናገር፣ አንቺ ቃሏን እንዳለ ጻፊው፣ ከሥር ስሟን ትፈርም፣ ሥዕል ትጨምር። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅም እንዲሁ ነው የሚደረገው፤ ለእነሱ የታተመ፣ ባዶ ቦታው ብቻ የሚሞላ ካርድ ሱቅ አለ። የትልቅ ሰው እጅ የልጅ መስሎ ሲጽፍ ግን ያስታውቃል። እንደዚያ ከምታደርጊ «እናቷ ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ በስምሽ ብትጽፊ ይሻላል።

ስለ ስጦታው የማትወደው ነገር ካለ? ሁለት አንድ ዓይነት አሻንጉሊት ከመጣ ሁለቱም ይመስገኑ፣ አንዱ ስለሌላው አይስማ። ያልወደደችውን ደግሞ «በጣም ወደድኩት» ብላ እንድትዋሽ አታስገድጂያት። አንድ እውነት ትፈልግለት። ሹራቡ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ትወዳለች። በቃ።

ካርዱ እንዴት ይድረስ? መላው ክፍል ተጠርቶ ከሆነ ለአስተማሪዋ አስረክቢ፣ በየቦርሳቸው እንዲገባ ትተባበርሽ ይሆናል። የተጠሩት ግን የተወሰኑ ልጆች ከሆኑ ክፍል ውስጥ ካርድ ማደል ያልተጠራውን ልጅ ሁለተኛ ጊዜ መቅጣት ነው። እንደዚያ ከሆነ በር ላይ ለእናቶቹ በእጅ ስጪ፣ አለዚያ በፖስታ ላኪ። ፖስታ ስትገዢ አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነውን ተይ፤ ሲያምር ያምራል፣ ፖስታ ቤት ግን ማሽኑ አይወስደውም ብሎ ተጨማሪ ያስከፍላል። ቴምብሩን ፎርኤቨር የተጻፈበትን ውሰጂ። ዋጋ ቢጨምርም ይሠራል፣ የተረፈሽ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል።

ገንዘብና ጊፍት ካርድ ከመጣ መጠኑ አይጻፍ። «ስለ ሃምሳ ዶላሩ አመሰግናለሁ» አይባልም። «በሰጣችሁኝ ገንዘብ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ልገዛ ነው» ቢባል ያምራል፤ በእርግጥ ልትገዛ ያሰበችውን ብቻ ግን ትጻፍ። በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) የተላከው ስሙ ስልክሽ ላይ አለ። ከፖስታ ውስጥ ወጥቶ የተደባለቀውን ብር ግን ተይው። «ስንት ነበር ያደረጋችሁት?» ተብሎ አይጠየቅም፣ በፈረንጅም በሀበሻም።

ወደ ራሳችን ሰዎች ልምጣ፤ ብዙ የማወራው እዚህ ጋ ነው።

ለሀበሾቹ ሚጡ ትደውል። አንቺ ደውለሽ «ሚጡም አመሰግናለሁ ብላለች» አይደለም፤ ራሷ ስልኩን ይዛ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምሳ ከተበላ፣ ሰው ቤቱ ሲያርፍ። ሦስት አራት ሰው በአንድ ቀን ይበቃል። የምትለውን አብራችሁ ተለማመዱ። «እትዬ፣ ሚጡ ነኝ። መጽሐፉን ከእማዬ ጋር እያነበብነው ነው። እግዜር ይስጥልኝ።» ይኸው ነው። በዕድሜ ለገፉት ደግሞ «እርስዎ» ማለትን ይሄ አጋጣሚ ያስተምራታል። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን አማርኛቸው ላይ «አንቺ» ብቻ የቀረው፣ ከአንቱ ሰው ጋር የሚያወሩበት ምክንያት ስላጡ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪያት። ምስጋናው አጭር ነው፣ ምርቃቱ ረጅም ነው። «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፣ የናት ያባትሽ መመኪያ ያድርግሽ…» ሲወርድ፣ ሚጡ መሃል ላይ «ኦኬ፣ ባይ» ብላ ልትዘጋው ትችላለች። ብዙ ልጆች ያደርጉታል፣ ባለጌ ሆነው ሳይሆን ሰውዬው ንግግሩን የጨረሰ እየመሰላቸው። በየመሃሉ «አሜን» እንድትል፣ እስኪያበቃም እንድትጠብቅ አሳዪያት። ከጎኗ ሆነሽ «አሜን» በያት በምልክት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረገችው ትለምደዋለች። መኪና እየነዳሽ በስፒከር አታድርጊው፤ ምርቃት በጂፒኤስ ሲቋረጥ ደስ አይልም።

የቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ ላይ «ለመጣችሁ ሁሉ እናመሰግናለን» ብሎ ፎቶ መለጠፍ ምስጋና አይመስለኝም። ማንም ለእኔ ነው ብሎ አይወስደውም። ያልተጠራው ግን አንብቦ እንዳልተጠራ ያውቃል። ቴክስት የሚሆነው ለቅርብ ጓደኞችሽ ነው። ሚጡ የሰጧትን ለብሳ ወይም ይዛ ፎቶ አንሺያት፣ ለእያንዳንዷ ለብቻ ላኪ። ልጆቻቸው እዚህ የተወለዱ ሀበሾች ካሉ ደግሞ ለልጆቹ ካርድ ብትልክላቸው ማንም አይስቅም። እነሱም ፍሪጃቸው ላይ ይለጥፉታል።

የአያቷ ቀሚስ። እዚህ ላይ እህትሽ ተሳስታለች። ከባሕር ማዶ ያለች የልጅ ልጅ በእጇ በፊደል የጻፈችውን ወረቀት የሚስቅበት አያት የለም። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየወጣ ይነበባል። ፊደል ገና ካልቆጠረች አንቺ በፈዛዛ እርሳስ ጻፊላትና እሷ በከለር ትደግመው። «አያቴ፣ ቀሚሱ ልክ ሆነኝ። አመሰግናለሁ።» ከቀሚሱ ጋር የተነሳችውን ፎቶ አሳጥባችሁ አያይዙት። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ለአያት ፎቶ አይደለም፣ የሚነካ ነው የሚወዱት። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልጋችሁ ስጡት።

እስከዚያው ይደወል። አሜሪካ ሰዓቱ ወደፊት በተገፋበት ወቅት አዲስ አበባ በ7 ሰዓት ይቀድማችኋል፣ ኖቬምበር ላይ ወደኋላ ሲመለስ 8 ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ ብትደውሉ እዚያ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ ቡና ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ሚጡ ቀሚሱን ለብሳ በቪዲዮ ትታይ። አንድ ዙር ትዙርላቸው።

ቀሚሱን ይዛ የመጣችውንስ ሴትዮ አመሰገናችኋት? ብዙ ሰው ይረሳታል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ሻንጣው 23 ኪሎ ነው። ኪሎው የሚበቃው የለም። በርበሬው አለ፣ ሽሮው አለ፣ የሰው አደራ አለ። የሚጡ ቀሚስ የገባው ሌላ ነገር ወጥቶ ነው። እሷም ስልክ ይደወልላት፣ በሚጡ።

ደግሞ ከስጦታው ዝርዝር ላይ ጨርሶ የማይገኙ ሰዎች አሉ። ከደብዳቤሽ ላይ ዶሮ ወጡን ማን እንደሠራው አልነገርሽኝም፤ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ብቻሽን ሠርተሽው ከሆነ ይቅርታ። ግን እንደማውቀው ከሆነ ከቀኑ በፊት ማታ አንዷ መጥታ ኩሽናሽ ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ አምሽታለች። ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። ሌላዋ ሃያ እንጀራ ጋግራ ይዛ መጥታለች። አንዷ ደግሞ ሁሉም ሄዶ እሷ ብቻ ቀርታ አዳራሹን ጠርጋለች፣ ትሪውን አጥባለች፣ የተረፈውን በፌስታል ቋጥራለች። እነዚህ ጠረጴዛው ላይ ከረጢት አላስቀመጡ ይሆናል። ካርድ የሚላከው በዕቃ ዝርዝር ከሆነ ታርጌት ሄዶ ፐዝል የገዛው ይመሰገናል፣ ሌሊቱን የቆመችው ትቀራለች።

ለእነሱ ሚጡ በእግሯ ትሂድ። አንቺም ሂጂ። ሥዕል ሥላ ትውሰድ፣ አንቺ ዳቦ ጋግረሽ ያዢ። «ዶሮ ወጡ ጥሞኝ ነበር» ትበላቸው፤ እሱ ካልጣማት የወደደችውን ሌላ ነገር ታንሳ፣ ብቻ የሠሩትን ነገር ስም ትጥራ። ልጆቻችን ድግስ የሚመጣው ከአዳራሹ ኪራይ ጋር ይመስላቸዋል። ቁጭ ብላ ስታይ፣ «ይህች እትዬ ናት ለልደትሽ እስከ እኩለ ሌሊት ሽንኩርት የከተፈችው» ብትያት ዓይኗ ይከፈታል። የአንቺ ምስጋና ደግሞ ገና ነው። እሷ ስትደግስ ከዋዜማው ትገኛለሽ፤ ቢላዋሽን ይዘሽ።

ለባለቤትሽም ሥራ ስጪው። የእሱ ጓደኞች የእሱ ናቸው፣ ራሱ ይደውል፣ ሚጡን ያገናኝ። «አለቀ» ካለ ያልቅለት ዘንድ ያግዝ። በየቤቱ ካርድ የምታስጽፈው፣ ስም የምትይዘው፣ ማን ምን እንዳመጣ የምታስታውሰው እናት ብቻ መሆኗ አይዋጥልኝም። ሦስት ካርድ ከሚጡ ጋር ቁጭ ብሎ ቢያስጽፍ ያ ቀን ላንቺ ዕረፍት ነው፤ ለእሱም አይከብደውም።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር ብቻ። ስጦታው በዚያው ማታ አይከፈት። ደክሟችሁ ስትገቡ መኝታ ቤት ቆልፊበት፣ በማግስቱ ከቁርስ በኋላ አንዱ ልጅ ሲከፍት አንድ ትልቅ ሰው ብዕር ይያዝ። ካርዱ ጀርባ ላይ የስጦታው ስም ይጻፍ፦ «ሌጎ»፣ «ሰማያዊ ሹራብ»። ካርድ የሌለው ዕቃው ላይ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፎ ስሙ ይጻፍበት።

አንዳንድ ሰው «ስጦታ አታምጡ» ብሎ ጥሪው ላይ ይጽፋል። አሜሪካኖቹ ብዙውን ጊዜ ያከብሩታል። ሀበሻ ግን ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቢያንስ ጭማቂ በካርቶን ይዞ ይመጣል፣ እሱም ይመዝገብ። ካርዱንም ፊኛውን ስትገዢ አብረሽ ግዢው፣ ከድግሱ በፊት ቤት ይግባ።